የሸምሱ መንጃ ፈቃድና የእማማ ማርታ ዳገት

ባሌ ሸምሱ ዕድሜውን ሙሉ መኪና የነዳ ሰው ነው። እኔ ደግሞ ሆሳዕና ገበያ ውስጥ ጨርቅ ነጋዴ ነኝ፤ ከባጃጅ የኋላ ወንበር በቀር የትም ተቀምጬ አላውቅም ነበር። ታዲያ አንድ ክረምት ሁለታችንም "ለማጅ" የሚል ጽሑፍ የተለጠፈባት አሮጌ መኪና ውስጥ ተቀምጠን፣ "ይሄ ፍሪሲዮን ይባላል፣ ይሄ ደግሞ ፍሬን ነው" እየተባልን ስንማር ከረምን። ሸምሱ አንገቱን ሰብሮ "እሺ አሰልጣኝ" ይላል። እኔ ሳቄን ለማፈን ከንፈሬን እነክሳለሁ። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ሸምሱ የአይሱዙ ሹፌር ነበር። ከሐደሮ ዝንጅብል፣ ከጃጁራ ስንዴ፣ ብቻ ያገኘውን ጭኖ የማይሄድበት አገር አልነበረም። አንድ ዝናባማ ማለዳ ሐደሮን አልፎ ወላይታ ከገባ በኋላ፣ መንገድ ዳር ከቆመ የጭነት መኪና ጀርባ አንድ ወጣት ድንገት ወደ አስፋልቱ ወጣ። ሸምሱ ፍሬን ያዘ። አይሱዙው ግን ተንሸራተተና ልጁን መታው። ልጁ ታምራት ይባል ነበር፤ ሸምሱ ክንድ ላይ ሞተ። ፍርድ ቤቱ "በዚያ ዝናብ በዚያ ፍጥነት መንዳት አልነበረብህም" ብሎ ፈረደበት። ታሰረ፤ መንጃ ፈቃዱም እዚያው ተነጠቀ። ያኔ ከወላይታዎች ጋር አንድ ክልል ነበርን። እሱ ታስሮ ሲወጣ እነሱም ሌላ ክልል፣ እኛም ሌላ ክልል ሆነን ጠበቅነው።

ቤት ሲመለስ የማውቀው ሸምሱ አልነበረም። ስለዚያ ቀን አንድ ቃል አይተነፍስም። ቀልደኛ የነበረ ሰው፣ ማታ ማታ መናኸሪያው አጥር ላይ ተደግፎ የሚገባ የሚወጣውን መኪና ሲያይ ያመሻል። ጎረቤቶቼ "ባልሽ ምን ነካው?" ይሉኛል።

በዚህ መሀል ደቡብ አፍሪካ ያለው ታናሽ ወንድሙ ደወለ። "እዚያ ተቀምጠህ ምን ትጠብቃለህ? ና!" አለው። የእኛ አገር ሰው ይህን ጥሪ ያውቀዋል። እዚህ ከተማ ውስጥ በዚያ መንገድ ሰው ያልሄደበት ቤት ማግኘት ከባድ ነው። ደርሰው ቤት የሠሩ አሉ፤ መንገድ ላይ ቀርተው ድምፃቸው የጠፋም አሉ። ከሱቄ ፊት ለፊት ቃሪያ የምትሸጠው ሴትዮ ልጇ ከሄደ ጀምሮ ስልኳን ከእጇ አውርዳ አታውቅም፤ ቃሪያውን እንኳ የምትመዝነው በአንድ እጇ ነው።

ሸምሱ አንድ ቀን እራት ላይ፣ "ዘይቱ፣ ደላላ አናግሬያለሁ" አለኝ።

"ምን አልክ?"

"መሪ ካልያዝኩ እዚህ ምን እሠራለሁ? ሌላ የማውቀው ነገር የለም። መንጃ ፈቃድ ካገኘሁ እቀራለሁ። ካላገኘሁ እሄዳለሁ።"

ወላሂ፣ ያን ሌሊት ዓይኔን ሳልከድን ነጋ።

መላውን ያመጣው ወንድሜ ሙባረክ ነው። "የተነጠቀው ሌላ ክልል ነው አይደል? እዚህ ማን ያውቀዋል? እንደ አዲስ ይመዝገብና ይማር። አንቺም አብረሽው ተመዝገቢ። ሚስቴን ሳጅብ እኔም ልማር ብዬ ነው ይበል፤ ማንም አይጠረጥርም" አለ። ልክ እንዳልሆነ አላጣሁትም። ግን ባሌን በረሃ ከሚበላብኝ ለማጅ ቢመስል ይሻለኛል አልኩና ተስማማሁ።

እንግዲህ ተዋናይ ሆነን ገባንበት። ሸምሱ ሆን ብሎ ሞተር ያጠፋል፣ ማርሽ ያንቋቋል። ከእሱ በዕድሜ በብዙ የሚያንሰው አሰልጣኛችን "ጋሼ፣ መሪውን እንደ በግ አንገት አይነቁት እንጂ!" ይለዋል። የእኔ ግን ትወና አልነበረም። ሜዳ ላይ ምንም አልል፤ ዳገት ላይ ቁሚና ተነሺ ከተባልኩ ግን አለቀልኝ። ወይ ሞተሩ ይጠፋል፣ ወይ መኪናዋ ወደ ኋላ ትንደረደራለች። ሸምሱ በጆሮዬ፣ "ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለሽ ልቀቂ፤ መኪናዋ ስትንቀጠቀጥ እግርሽ ይሰማዋል" ይለኛል። እግሬ ምንም አይሰማውም። ቢሆንም ደስ ይለኝ ነበር፤ ከታሰረ ወዲህ እንደዚያ አውርቶኝ አያውቅም።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ፈታኛችን ጋሽ ጴጥሮስ የሚባሉ ሽበታም ሰውዬ ናቸው፤ ረጋ ያሉ፣ የቤተክርስቲያን ሽማግሌ። ተፈታኝ ከፊት ከእሳቸው ጎን ሆኖ ይነዳል፤ ተራ ጠባቂ ከኋላ ይቀመጣል። መጀመሪያ እኔ ነዳሁ። ዳገቱ ላይ እንደ ልማዴ ሞተሩ ጠፋብኝና ወደቅሁ። "ደግመሽ ትመጫለሽ፣ አይዞሽ" አሉኝ። ከኋላ ገባሁ፣ ሸምሱ መሪውን ያዘ።

ወደ ጃጁራ በሚወስደው መንገድ ነዳን። አካሄዱ እንዴት ያምራል! እየፈራ የሚነዳ ለመምሰል ትከሻውን ሰብስቧል፤ እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው። "ያ ረቢ፣ አሳልፈው" እላለሁ በልቤ። ከፊታችን አንድ ሚኒባስ መጣና መብራቱን ብልጭ ብልጭ አደረገልን። ሹፌሮች ወደፊት ትራፊክ ፖሊስ አለ ለመባባል እንዲህ ያደርጋሉ። ሸምሱም፣ ምን እንዳዘዘው እንጃ፣ መብራቱን ብልጭ አድርጎ መለሰለትና አራት ጣቱን ከመሪው ላይ ብድግ አድርጎ አመሰገነው። ሁሉም ባንዴ ነው የሆነው። እጁ ለዓመታት የለመደውን አደረገ እንጂ እሱ አላሰበበትም።

ጋሽ ጴጥሮስ ዞር ብለው አዩት። ትንሽ እንደሄድን፣ "ዳር ያዝና አቁም" አሉት። አቆመ።

"ስንት ዓመት ነድተሃል?"

ሸምሱ የመሪውን አቧራ በአውራ ጣቱ ጠረገ።

"ልጄ፣ የመንጃ ፈቃዱ ኮምፒዩተር ባያውቅህ እጅህ ተናግሮብሃል። ለማጅ ሰው መብራት ሲሰጡት ይደነግጣል፤ አይመልስም። ፈቃድህ የት ነው የተነጠቀው?"

"ወላይታ በኩል" አለ ሸምሱ።

"ሰው ሞቷል?"

"ሞቷል።"

ጋሽ ጴጥሮስ ከዚያ የጠየቁት ስለ ሕግ አልነበረም። "ደሙ ደርቋል? ታርቃችኋል?" አሉ።

አልታረቅንም። ሸምሱ እስር ቤት ሳለ አጎቱ ሐጂ ከድር ሽማግሌ ይዘው ሄደው ነበር። የታምራት እናት ከቤቷ አልወጣችም፤ አላናገረቻቸውም። በደንቡ ተመልሶ መሄድ፣ ደጅ መጥናት ነበር። "እንሄዳለን፣ እንሄዳለን" ሲባል ቀረ።

"እንግዲያው አልሰጥህም" አሉ ጋሽ ጴጥሮስ። "አልከስህም ደግሞ። የነጠቁህ ዘንድ ሄደህ በደጅ ጠይቅ እንጂ በጓሮ አትዙር። እነሱም ቢሆኑ አስቀድመው የሚጠይቁህ እርቁን ነው።"

ያን ቀን ቤት እንደገባን ሸምሱ ስልኩን አንስቶ ለደላላው ደወለ። "መቼ ነው የምንነሳው?" ሲል ሰማሁ። ደላላው "በሚቀጥለው ሳምንት" አለው። ስልኩን ከእጁ ነጥቄ፣ "መጀመሪያ ከእኔ ጋር ታምራት ቤት ትሄዳለህ! ከዚያ የፈለግህበት ሂድ!" ብዬ ጮህኩበት። ጎረቤት ሁሉ ሰማ። ይስማ! የምፈራው እሱን ማጣት ብቻ ነበር።

ሐጂ ከድርን እግራቸው ሥር ተደፍቼ ለመንኳቸው። እሺ አሉና ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ጨመሩ። በዚያው ሰሞን ፈተናውን ደግሜ ወስጄ አልፌ ነበር፤ ዳገቱን እንዴት እንደወጣሁት ዛሬም አላውቅም። ከባልና ሚስቱ መንጃ ፈቃድ ያገኘሁት እኔ ሆንኩ፣ ጉድ በሉ! ሙባረክ ትንሿን መኪናውን አዋሰን። ሸምሱ መንዳት አይችልም፤ ሹፌር ከቀጠርን ደግሞ ወሬው ይበተናል። ስለዚህ መሪውን ያዝኩ።

ሽማግሌዎቹ ከኋላ ተጣበው፣ ሸምሱ ከጎኔ ሆኖ፣ ማለዳ ከሆሳዕና ተነሳን። ዱራሜን አለፍን፣ ሐደሮን አለፍን። ድንበሩን ስንሻገር ሸምሱ እጆቹን ጉልበቱ መሀል ቀረቀረ። አንድ ቦታ ስንደርስ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ፤ በመስኮቱ በኩል አላየም። የት እንደሆንን ገባኝና አልጠየቅሁትም።

የታምራት እናት፣ እማማ ማርታ፣ ቤታቸው ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ ዳገት ላይ ነው፤ መንገዱ ጠባብ ጭቃ፣ ግራ ቀኙ እንሰት። ሐጂ ከድር ከኋላ በሙሉ ስሜ ጠርተው ትእዛዝ ሰጡኝ። "ዘይነባ፣ ስሚኝ። ከመታጠፊያው በታች አቁሚ። እኛ በእግራችን እንወጣለን። ሸምሱ መኪና ውስጥ ይቆያል። ሳይታረቁ ገዳይና የሟች እናት ዓይን ለዓይን አይተያዩም፤ ነውር ነው። እሺ ካለች እንጠራዋለን።"

"እሺ ሐጂ" አልኩ። አፌ ነው እሺ ያለው። መታጠፊያው ራሱ ዳገት ላይ መሆኑን ሳይ ላብ አጠመቀኝ።

ቆምኩ። ሞተሩ ጠፋ። መኪናዋ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች፤ ከኋላችን ገደል ቢጤ አለ። ሐጂ "ያ አላህ! ያ አላህ!" ይላሉ፤ አንደኛው ሽማግሌ በሩን ሊከፍት ይታገላል። ሸምሱ የእጅ ፍሬኑን ሳበው። "አይዞሽ" አለኝ፣ በዚያ በማሰልጠኛው ድምፁ። "አስነሺ። ነዳጅ ስጪ። አሁን ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለሽ…" ቀስ ማለት የት አለ! ነዳጁን ሙሉ ረገጥኩት። መኪናዋ ዘለለች። እንደገና ብቆም ገደል እንደምንገባ ስለታየኝ አልቆምኩም፤ መታጠፊያውንም፣ የሐጂን ጩኸትም፣ ነውሩንም አልፌ ወጣሁ። የቆምኩት ሜዳ ሳገኝ ነው። ሜዳው የእማማ ማርታ ግቢ ነበር።

አንዲት ቀጭን አሮጊት ሴት ሰሌን ላይ በቆሎ እያሰጡ ነበር። የመኪናዋ አፍንጫ ሰሌናቸው ጫፍ ላይ ደርሶ ቆመ። ቀና አሉ። የፊት መስታወቱ ሁሉን ወለል አድርጎ ያሳያል፤ ከመስታወቱ ጀርባ የሸምሱ ፊት አለ።

ማን እንደሆነ አወቁት። ፍርድ ቤት አይተውታል።

አፈር በሆንኩ! ያንን ሰዓት እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ሐጂ ወርደው፣ "እናታችን፣ ይቅርታ፣ ልጅቷ ናት፣ ለማጅ ናት፤ እኛ የመጣነው በወግ በደንቡ…" ሲሉ እማማ ማርታ እጃቸውን አነሱ።

"ንግግሩን ባለፈውም ሰምቼዋለሁ። በሩን ዘግቼ ከውስጥ ሆኜ ሰምቼዋለሁ።" አማርኛቸው ስብር ስብር ያለ፣ ግን ጥርት ያለ ነው። በሸምሱ በኩል ዞረው መጡ። "ውረድ።"

"አይሆንም እናታችን፣ በሥርዓቱ…" አሉ ሐጂ።

"ሥርዓቱን አከብራለሁ። ልጄ ሲሞት እዚያ የነበሩት ግን እርስዎ አይደሉም። እሱ ነው። እናንተ መጣችሁ፣ በሬ እናመጣለን አላችሁ፣ ካሳ አላችሁ። እኔ የምጠይቀው ነገር ነበረኝ፤ የሚመልስልኝን ሰው ግን ደበቃችሁት።"

ሸምሱ ወረደ። በጉልበቱ ሊንበረከክ ሲል፣ "ቁም!" አሉት። ቆመ። እኔ መሪውን ጨብጬ መልቀቅ አቃተኝ።

"ወዲያው ሞተ ወይስ ቆየ?"

"ቆየ፣ እማማ።"

"ተናገረ?"

"ተናገረ።"

"ምን አለ?"

ይህን ለእኔም ነግሮኝ አያውቅም። ለፍርድ ቤቱም አልተናገረም፤ የጠየቀው የለም። ሸምሱ ዓይኑ መሬት ላይ ሆኖ፣ "ጫማዬስ? አለኝ" አለ።

እማማ ማርታ አንድ እርምጃ ቀረቡት።

"አንድ እግሩ ባዶ ነበር። 'ጫማዬ የት ሄደ? እናቴ ትቆጣለች' አለኝ። 'ቆይ፣ አመጣልሃለሁ' አልኩት። ልፈልግለት ብድግ ስል እጄን ያዘኝ። ስለያዘኝ አልሄድኩም። ያዘኝ፣ ያዘኝ፣ ከዚያ ለቀቀኝ።"

አሮጊቷ ሰሌኑ ጫፍ ላይ፣ በቆሎው ላይ ተቀመጡ። "በዚያው ጠዋት ተጣልተን ነበር" አሉ ለማንም ሳይሆን። "አዲሱን ጫማ በዝናብ አታድርግ ብዬ ተቆጥቼው። እሱም ሳይሰናበተኝ ወጣ። አንድ ጫማ ብቻ ነው ያመጡልኝ። አንደኛው የት ሄደ ብዬ ስንቱን ጠየቅሁ።" አለቀሱ። ሸምሱም እንደ ሕፃን ድምፁን አውጥቶ አለቀሰ። ከእስር ከወጣ ጀምሮ አንድ ጠብታ እንባ አይቼበት አላውቅም ነበር።

ከዚያ እማማ ማርታ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱ። "ውሰዱኝ። ቦታውን ያሳየኝ" አሉ።

ከጎኔ ተቀመጡ። ሸምሱና ሐጂ ከኋላ ገቡ፤ ሌሎቹ ሁለቱ ሽማግሌዎች ግቢው ውስጥ ቀሩ። እንዴት ቁልቁል እንደነዳሁ አትጠይቁኝ። ማለዳ ፊቱን ያዞረበት ቦታ ስንደርስ ሸምሱ ከኋላ፣ "እዚህ ጋ" አለ።

ወረድን። መንገዱ ዳር ቦይ አለ፤ ሣሩ ከጉልበት በላይ አድጓል። ሸምሱ ቦዩ ውስጥ ገባ፤ ሣሩን በእጁ እየገለጠ መፈለግ ጀመረ። ከስንት ክረምት በኋላ! ጎርፍ ስንቴ ጠርጎት! "ሸምሱ፣ ተው" ልለው ነበር። እማማ ማርታ ግን ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው እሳቸውም ወረዱ። ሁለቱ ጎንበስ ብለው፣ እሱ በዚያ፣ እሳቸው በዚህ፣ ጫማ ፈለጉ። የሚያልፈው መኪና ሁሉ ቀስ ብሎ እያየን ያልፋል። ሐጂ ከድር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

አላገኙትም። የትስ ይገኛል?

እማማን ቤታቸው መለስናቸው። ወርደው ለሐጂ፣ "በሬውን ይዛችሁ ኑ። አሁን ደጄን ከፍቼ እወጣለሁ" አሏቸው። ከሸምሱ ጋር አልተጨባበጡም፤ ይቅር ብዬሃለሁም አላሉትም። ዞረው በእኔ መስኮት መጡና በሩን በእጃቸው ያዙት።

"ቀስ እያልሽ ንጂ" አሉኝ። "ባልሽን ይዘሽ ግቢ።"

ዱራሜ ሳንደርስ የሸምሱ ስልክ ጮኸ። ደላላው ነው። ብዙ ካስጮኸ በኋላ አነሳው። "ወንድሜ፣ እኔ አልሄድም" አለና ዘጋው። መንጃ ፈቃዱን ያግኝ አያግኝ ገና ማንም አያውቅም ነበር። እኔ መኪናዋን ዳር ይዤ አቁሜ፣ መሪው ላይ ተደፍቼ የቻልኩትን ያህል አለቀስኩ። ሐጂ እንኳ "በቃሽ" አላሉኝም።

እርቁ በወጉ ተፈጸመ። ሸምሱ የነጠቁት ዘንድ በደጅ ሄዶ አመለከተ። ብዙ አመላለሱት፤ ሂድ፣ ና፣ ኃላፊው የለም። በመጨረሻ እግዱ ተነሳለትና ሆሳዕና ላይ እንደገና ተፈተነ፣ በዚህኛው ጊዜ ሳይደበቅ። ጋሽ ጴጥሮስ አጠገቡ ተቀምጠው ነበር። መብራት የሚሰጥ ሚኒባስ ቢያጋጥመው ምን እንደሚያደርግ ቀድሞ ሲጨነቅ አድሯል፣ የእኔ ጅል! ዛሬ እንደገና አይሱዙ ይነዳል። እንደ ድሮው አይቀልድም። ዝናብ ሲጥል ዳር ይዞ ያቆማል፤ ባለ ጭነቱ ቢጮህበትም አይነሳም።

ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ እንዲህ ያለ ነገር የደረሰባችሁ ወይም በእጃችሁ የደረሰ ካላችሁ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ሽማግሌ ላኩ፣ ደንቡን ጠብቁ፣ አልቃወምም። ግን ያዘነችው ሴትዮ ምን መጠየቅ እንደምትፈልግ አስቀድማችሁ አትወስኑላት። እኛ ስንፈራ የኖርነው ስድቧንና እርግማኗን ነበር። እሷ ለዓመታት በሯን ዘግታ የምትጠይቀው ስለ አንድ እግር ጫማ ነበር፤ መልሱን የሚያውቀው ሰው ደግሞ የእኔ ቤት ውስጥ ግድግዳ እያየ ተቀምጦ ነበር። እኔ እዚያ ዳገት ላይ እንደ ሰው መቆም ብችል ኖሮ ሸምሱ መኪና ውስጥ እንደተደበቀ ይቀር ነበር። ይህን ሳስብ ዛሬም ይዘገንነኛል።

ባለፈው ሳምንት ጨርቅ ላመጣ አብሬው ሄድኩ። ታምራት የሞተበት ቦታ ስንደርስ አይሱዙውን ዳር አስያዘና ወረደ።

"ምነው፣ ምን ሆንክ?" አልኩት።

"ሣሩን አጭደውታል" አለኝ ቦዩን እያየ። "ልየው ብዬ ነው።"